በምዕራብ የአያቴ ቤት

አክስቴ አሁንም «ናዝሬት» ነው የሚሉት። ከተማዋ አዳማ የሚለውን የቀድሞ ስሟን መልሳ ከያዘች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ እሳቸው ግን አፋቸው እምቢ አለ። ዕድሜያቸው 71 ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ለሥራ መጥቼ አዳማ ከከተምኩ ስምንት ዓመቴ።

ዓምና ለፋሲካ አዲስ አበባ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዶሮ ወጡን እያወጡልኝ ወጉ ወደ ልጅነታቸው ዞረ። ድንገት ቀና ብለው አዩኝና «አንተ እዚያ ተቀምጠህ የተወለድኩበትን ቤት ሳታሳየኝ ልሙት?» አሉ።

እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል የለም። «ምን ችግር አለው፣ በሁለት ሳምንት አገኝልዎታለሁ» አልኩ። ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ሲጀመር በእጃችን የነበረው ይህ ነው። አንድ የ1955 ዓ.ም. የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የአያቴ ስምና የገንዘቡ ልክ ተጽፎበታል፣ ቦታው የት እንደሆነ ግን አይናገርም። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ አያቴ (ሴቷ) እቴቴን አዝለው በር ላይ ቆመዋል። ሦስተኛው የእቴቴ ትዝታ ነው፦ «ባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ ሐዲዱ ዳር፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ። በራችን ወደ ባቡሩ ነው። ፎቶውን እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የተነሳነው።» የቤት ቁጥር ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ያኔ ማን ቁጥር ይፈልጋል? ምድር ባቡር የሚሠሩት ሰውዬ ቤት ማለት ይበቃል።» ቤቱ ምን እንደሆነ ሲነግሩኝ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ደርግ ነጠቀን።»

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት፣ ወደ መዝገብ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «የቤት ቁጥር?» የለኝም። «የካርታ ቁጥር?» የለኝም። «ታዲያ በምን ልፈልግልህ?» በስም አልኳት። በስም አይፈለግም። ማህደሩ የተደረደረው በቀበሌና በቤት ቁጥር ነው፣ ስም ማህደሩ ውስጥ ገብተህ የምታገኘው ነገር ነው። ለመግባት ደግሞ ቁጥሩ ያስፈልጋል።

ነገሩ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ ሥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለው፣ ማን ይመዝግብ፣ እንዴት ይመዝገብ፣ ሁሉንም ይዘረዝራል። እዚያው ሕጉ ማለቂያ ላይ ግን ቁጥር 3363 ይመጣና፣ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ አይሠራም ይላል። ስለዚህ የአያቴ ዘመን ቤት በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ቁልጭ ብሎ አይገኝም። ያለው ማዘጋጃ ቤቶች በየራሳቸው መንገድ ያስቀመጡት ደረሰኝ፣ ውልና ማህደር ነው። የከተማ መሬት ይዞታን ሥርዓት ባለው መንገድ ለመመዝገብ አዋጅ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፣ ቁጥሩ 818። እሱም የሚመዘግበው የዛሬውን ባለይዞታ ነው።

ስሙ ራሱም ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ ሰው ቋሚ የቤተሰብ ስም የለውም። የአባቱን ስም ይዞ ይዞራል፣ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሌላ መጠሪያ አለው። ኃይሉ የሚባል ሰው በሦስቱ «ሀ» ሲጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል። አዳማ ላይ ደግሞ የኋለኛዎቹ መዝገቦች በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው የተጻፉት። ስሙ ከፊደል ወደ ቁቤ ሲሻገር አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት አድርጎታል። የእኔ ኦሮምኛ ለገበያ እንጂ ለመዝገብ አይበቃም። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ምሳ እየጋበዝኩ ነው ያስነበብኩት። መስመር ላይ ስትፈልጉም ያው ነው፦ ናዝሬት ብላችሁ ያላገኛችሁትን አዳማ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

ቀበሌዎቹስ? ተዋህደዋል፣ ተከፍለዋል፣ ቁጥራቸውም ተቀይሯል። አሁን ደግሞ በላያቸው ክፍለ ከተማ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት «የድሮው ቀበሌ ስንት እንደነበር አጣርተህ ና» ብሎ መለሰኝ። አጣርቼ ስሄድ የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ጠፍቷል። እንደገና ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ፣ እሱም ጠፋ። በሦስተኛው ግልባጭ ላይ ማህተም አስመታሁ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብታደርጉት አንድ ወር ታተርፋላችሁ።

አንድ ነገር ግን መንገዱን አጠበበልኝ። እቴቴ «ደርግ ነጠቀን» ካሉ ነገሩ የአዋጅ 47 ጉዳይ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይቀርለታል፣ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ነው፣ ከአንድ በላይ ያለው ቤት ትርፍ ነው። የተወረሱት ቤቶች ደግሞ በኪራያቸው ልክ ለሁለት ተከፈሉ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ይህች የ100 ብር መስመር ለእንደኔ ዓይነቱ ፈላጊ ወርቅ ናት። ቤቱ ጭቃ ነበር ወይስ ብሎኬት? ስንት ክፍል ነበረው? ኪራዩ በግምት ከ100 ብር በታች ነበር ወይስ በላይ? መልሱ የትኛውን መዝገብ ቤት ማንኳኳት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። የእኛው ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው፣ ስለዚህ ቀበሌ።

ግን የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ቤት? ወረቀቱ ሲያልቅብኝ ወደ ሰማይ ዞርኩ።

ጎግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስል የሚያሳይ ምልክት አለ። ስትነኩት የዓመታት መስመር ይመጣል፣ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ። አዳማን ስስብ የዛጉ ቆርቆሮዎች አየሁ፣ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁ። ደስ ይላል፣ ሁለት ሌሊት አመሸሁበት። ለእኔ ጉዳይ ግን አልበቃም። ጥርት ያሉት ምስሎች የቅርብ ዘመን ናቸው፣ እኔ የምፈልገው ከ1967 በፊት ያለውን ነው።

እዚህ ላይ የቀዝቃዛው ጦርነት ጠቀመኝ። አሜሪካኖች ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ኮሮና የሚባል የስለላ ሳተላይት ነበራቸው። የሚያነሳው በፊልም ነበር። ፊልሙ በፓራሹት ወደ ምድር ይወርዳል፣ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበዋል። እውነቴን ነው። ምስጢርነቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ተነሳና ምስሎቹ በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በኩል ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። ኧርዝ ኤክስፕሎረር በሚባለው ገጹ ላይ ካርታው ላይ አካባቢውን ትከባላችሁ፣ ያሉትን ምስሎች ይዘረዝራል። ሌላ ሰው ቀድሞ ያስቃኘው፣ ማለትም ፊልሙን ስካን ያስደረገው፣ በነጻ ይወርዳል። ያልተቃኘው 30 ዶላር ይከፈልበታል፣ አንዴ ከተቃኘ ደግሞ ለሁሉም ነጻ ነው። የእኔ ካርድ ለዚህ ስለማይሠራ ካናዳ ያለው የእቴቴ ልጅ ከፈለ። «ቤቱ ከተገኘ አንድ ክፍል የእኔ ነው» እያለ።

ምስሉ ሲመጣ ረጅም ቀጭን ጥብጣብ ነው። የመጨረሻዎቹ የኮሮና ካሜራዎች ሁለት ሜትር የማይሞላ ነገር ይለያሉ። ሰው አይታይም፣ ጣራ ይታያል፣ አጥር ደግሞ በጥላው ይገመታል። ኪውጂአይኤስ በሚባል ነጻ ፕሮግራም አሮጌውን በአዲሱ ላይ ለመስፋት ቁጭ አልኩ። ሁለቱም ላይ ያለ አንድ ነገር ትመርጣላችሁ፣ እዚህም እዚያም ትነኩታላችሁ፣ ሌላ ትጨምራላችሁ። ስድስት ሰባት ነጥብ ሲሞላ አሮጌው ምስል ይለጠጥና ይገጥማል።

የእኔ አልገጠመም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሳሳተ ግቢ ላይ አፍጥጬ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ቦታው ድረስ ሄጄ ጎማ የሚጠግን ልጅ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሜ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ስህተቱ ነጥብ አድርጌ የመረጥኳቸው የመንገድ ማዕዘኖች ነበሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማዕዘኑ ከቦታው ሸሽቷል። ሐዲዱ ግን አልተነቃነቀም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ሐዲድ አሁን ባቡር አይሄድበትም። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የአሮጌው መስመር መታጠፊያና የጣቢያው ጣራ ግን እዚያው ናቸው። በእነሱ ስሰፋው ምስሉ ቁጭ አለ፣ የጎማ ጠጋኙም ሱቅ ሠላሳ ሜትር ያህል ራቀ።

በሐዲዱ ዳርና ዳር ስድስት አሮጌ ጣራ ቀረኝ። እዚህ ጋ ፎቶው ረዳኝ። የአያቴ ጥላ በፎቶው ላይ ወደ ቀኝ ወድቋል። ጊዜው ጠዋት ነው ብለዋል እቴቴ። ጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ነው፣ ምዕራብ ለፎቶ አንሺው በስተቀኝ ከሆነ ወደ ደቡብ ዞሮ ነው ያነሳው፣ ስለዚህ በሩ ወደ ሰሜን ያያል። በሩ ወደ ባቡሩ ከሆነ ቤቱ ከሐዲዱ በስተደቡብ ነው። ሁለት ጣራ ወደቀ፣ አራት ቀረ። በዚህ ግኝቴ ለራሴ ማኪያቶ ጋበዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ሳተላይቱ ዝም አለ። ጣራ የባለቤቱን ስም አይናገርም።

የተናገረው እድር ነው። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ቀን መሄድ የነበረብኝ እዚያ ነበር። የሰፈሩ እድር ዳኛ ሰማንያ የሚጠጉ አባት ናቸው። አራቱን ጣራ በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ ከላይ የተነሳ ቤት አያውቁትም። «ዳቦ ቤት» ስል ግን ወዲያው ያዙት። ዳቦ ጋጋሪው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጃቸው አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ አለች። ከአራቱ አንዱ የእሷ ጣራ ነው።

ልጃቸው ስል ስድሳ ያለፋት እናት ናት። ቤተሰቧ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር በአዋጁ አልተነካም። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይበጠስ ከእጅ ወደ እጅ መጥቷል። ከቁም ሣጥን ላይ አንድ ፌስታል አወረደች። ካርታው፣ ፕላኑ፣ የቤት ግብር ደረሰኞች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ የ1949 ዓ.ም. የሽያጭ ውል። እኔ ለማየት የጓጓሁት የቦታውን አዋሳኝ ነው። የድሮ ውል ቁጥር አያውቅም፣ ቦታን የሚያውቀው በጎረቤቱ ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን የምድር ባቡር ክልል፣ በደቡብ መንገድ። ቀጥሎ፣ ጸሐፊው «በምዕራብ» ብሎ አያቴን በሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው አስፍሯቸዋል።

አምስት ወር በስማቸው ስፈልጋቸው ያላገኘኋቸው ሰውዬ የጎረቤት ውል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የሴትየዋ ቤት ቁጥር አለው፣ ከምዕራቡ ያለው ቤት ቁጥሩ ቀጥሎ ነው፣ የቀበሌ ቤት ነው። አሁን መዝገብ ቤት ስሄድ «የቤት ቁጥር?» ስባል መልስ ነበረኝ። ማህደሩ ግልባጭ አይሰጥም ተባልኩ። ቆሜ እንዳነበው ግን ፈቀዱልኝ። ውስጡ በ1968 ዓ.ም. የተሞላ የትርፍ ቤት ማስረከቢያ ቅጽ አለ፣ የአያቴ ፊርማ ያለበት። ፊርማው ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አያቴ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንደኛው ይህ የሐዲዱ ዳር ቤት፣ ሁለተኛው ፍራንኮ አካባቢ በኋላ የሠሩት። እቴቴም ሁለተኛውን ያውቁታል፣ በ1970ዎቹ ተሽጦ ነው ቤተሰቡ አዲስ አበባ የገባው። እቴቴ የማያውቁት አንድ ነገር ነው። ቅጹ ላይ ለመኖሪያ እንዲቀርላቸው የመረጡት የፍራንኮውን ነው። የሐዲዱን ዳር ቤት ትርፍ ብለው በገዛ እጃቸው የጻፉት አባታቸው ናቸው።

ልንገራቸው ወይስ ልተወው? አንድ ሳምንት አንገራገርኩ። እንዲህ ዓይነት ፍለጋ ውስጥ ስትገቡ የቤተሰብ ታሪክ እንደተነገራችሁ ሆኖ አይጠብቃችሁም፣ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። በመጨረሻ ደወልኩ። እቴቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«የፍራንኮው ግቢ ውስጥ ቧንቧ ነበረው» አሉ። «የሐዲዱ ዳር የለውም። እናቴ ውሃ ስትቀዳ ወገቧ ለቅቋል። ለእሷ ብሎ ነው።» ከዚያ አፍንጫቸውን አበሱና «መቼ ልምጣ?» አሉ።

ከመምጣታቸው በፊት ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የተጠነቀቅኩት እዚህ ነው፣ የሚሞክር ካለም አደራ እላለሁ። ተከራይዋ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ኖረዋል፣ ሦስት ልጅ አሳድገውበታል። የማያውቁት ሰው የድሮ ፎቶ ይዞ በራቸው ላይ ቢቆም ምን ያስባሉ? የእድሩን ዳኛ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሴትየዋ ገና «የድሮ ባለቤቶቹ» ሲባል ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልታስወጡኝ ነው?» አሉ ቁርጥ አድርገው። ቤቱ በአዋጅ የተወረሰ እንደሆነ፣ እኛም የምንጠይቀው ነገር እንደሌለ፣ አንዲት አሮጊት የተወለዱበትን አይተው ቡና ጠጥተው እንደሚሄዱ አስረዳኋቸው። አላመኑኝም። የእድሩን ዳኛ ግን አመኑ። አንድ ነገር ለመኑን፣ ውስጡን ፎቶ እንዳናነሳ። አላነሳንም።

እቴቴ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ በፈጣኑ መንገድ መጡ። ከመኪና ወረዱ፣ በሩን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ አይደለም።»

ሰባት ወር! ስልኬን አወጣሁ፣ የኮሮናውን ምስል፣ ውሉን፣ ሁሉንም ላሳይ። እሳቸው ግን ስልኬን አላዩም። «በራችን ወደ ባቡሩ ነው። ይሄ ወደ መንገድ ነው።» ተከራይዋ ይሄኔ ጣልቃ ገቡ፦ «እሱማ በኋላ የዞረ ነው። እኔ ስገባም እንዲህ ነበር። የድሮው በር ከኋላ ነው፣ ተደፍኗል።»

በአጥሩና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ዞርን። እቴቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሄዱ። የጀርባው ግድግዳ ላይ የተለሰነ በር ቅርጹ ይታያል፣ ጭቃው ከሌላው ቦታ ትንሽ ይለያል። ከፊቱ የነበረው በረንዳ የለም። ሁለት ቋሚዎቹ ግን ቆመዋል፣ እንጨት አይደሉም፣ የሐዲድ ብረት ናቸው። ፎቶው ላይ ከአያቴ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥቁር መስመሮች። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ግንድ ይመስሉኝ ነበር። እቴቴ አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«አባዬ ነው ያመጣው» አሉ። «ከሥራ።»

ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ሁለቱ ሴቶች እኔን ረስተው ስለ ጣራው ማፍሰስ ያወሩ ነበር። የወር ኪራዩ ዛሬ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም፣ ጣራው ግን የሚያድሰው የለም። እቴቴ የዘነበ ቀን ድስት የሚደቀንበትን ቦታ ሳይነገራቸው በጣታቸው አሳዩ። ተከራይዋ ሳቁ፣ አሁንም እዚያው ነው የሚያፈሰው።

ልንነሳ ስንል እቴቴ ፎቶውን ከቦርሳቸው አወጡና ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። እስክሪብቶ አቀበሉኝ።

«ጻፍ። በምሥራቅ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ።» ጻፍኩ። «በሰሜን ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ። በደቡብ መንገድ።» ከዚያ ቆሙ። ዞር ብለው ተከራይዋን አዩ። «በምዕራብ ማን ነው?»

«ጸጉር ቤት ነው» አሉ ተከራይዋ።

ጸጉር ቤት ብዬ ጻፍኩ።